አሮጌዎቹን የጎንደር ቤቶች ያቆሙት ምግብ ቤቶች ናቸው

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ወደ ጎንደር የሚመጡ እንግዶች ቆይታ እያጠረ መሄዱን አስመልክቶ ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ችግሩን በትክክል አይተውታል፤ መፍትሔውን ግን ተጨማሪ ባለ ኮከብ ሆቴል በመገንባት ላይ ብቻ መጣላቸው አላሳመነኝም። በዚህ ከተማ ተወልጄ፣ ለረጅም ዓመታት ታሪክ አስተምሬ በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው እንደ መሆኔ፣ እንግዳው ከፋሲል ግቢ ሲወጣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚያመራና የት እንደሚመገብ የሚነግረው አጥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ በየጊዜው እመለከታለሁ። በአንድ ቀን ተኩል አይቶ የማይጨርሳትን ከተማ በሁለት ሰዓት ጨርሻታለሁ ብሎ ይሄዳል።

ይህን ስል የግቢውን ክብር ማሳነሴ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ተከታዮቻቸው የየራሳቸውን ሕንፃ እየጨመሩበት፣ የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የዐፄ ኢያሱ ግንብ፣ የዐፄ ዳዊት የመዘምራን አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። በ1979 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የዓለም ቅርስነት ምዝገባ ግን በዚህ አጥር አልተወሰነም፤ የቁስቋምን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴንና የጥምቀተ ባሕሩን ቅጥር ጭምር ያቀፈ ነው። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ እየዘለሏቸው የሚያልፉት የአጥሩ 12 በሮች ስምም ይህንኑ የሚያስታውስ ነው። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር፣ ነፊዎች የሚገቡበት እምቢልታ በር፣ ፈታዮች የሚገቡበት አደናግር በር፣ ደግሞም ተዝካሮ በር፣ ራስ በር፣ እንኮዬ በር እያልን ስንቆጥራቸው፣ ቤተ መንግሥቱ ከከተማው ሕዝብ ጋር በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ የኖረ እንጂ ተዘግቶ የተቀመጠ ስፍራ እንዳልነበረ እንረዳለን። የበካፋን ረጅም አዳራሽ አይቶ፣ በዚያ አዳራሽ ይቀርብ ከነበረው ጠጅና እንጀራ ሳይቀምስ የሚሄድ እንግዳ ለእኔ ጉብኝቱን ከመንገድ ያቋረጠ ነው።

ሐሳቤ ግልጽ እንዲሆን አንድ ያሳለፍሁትን ቀን ልተርክ። ከዓመት በፊት የጥምቀት ሰሞን የእኅቴ ልጅ ሦስት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። አስጎብኚያቸው ግቢውን በአንድ ሰዓት ተኩል አስጨርሶ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ሲያሰናብታቸው፣ ልጁ ስልክ ደውሎ፦ «ጋሼ፣ አሁን ምን እናድርግ?» አለኝ። ከጃን ተከል ተቀብያቸው በእግራችን ተጓዝን።

መጀመሪያ የወሰድኋቸው ወደ ፒያሳ ነው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጣሊያኖች ጎንደርን የገዥነታቸው መቀመጫ አድርገው በነበረበት ጊዜ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦሲዮ ለከተማዋ ፕላን አውጥቶላት ነበር፤ ማዕዘኑ የተሞረደው ፖስታ ቤት፣ ሲኒማ ቤቱና በዙሪያቸው ያሉት ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ወራሪ የሠራውን ማድነቅ ለምን አስፈለገ የሚለኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ያ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽግ አጥቶ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. መሆኑን እየነገርን ሕንፃዎቹን ብናሳይ ለታሪካችን ነውር የሚሆን አይመስለኝም። ወራሪው ሄዷል፤ ፒያሳ፣ አውቶፓርኮ፣ ፉርኖና ማኪያቶ የሚሉት ቃላት ግን ዛሬም በአፋችን ላይ አሉ። እኛም ማኪያቷችንን እዚያው ፒያሳ ጠጥተን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ እንዳዳነው አባቶች የሚተርኩትን ስነግራቸው፣ እንግዶቹ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጠው እያዩ ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

ምሳ የበላነው አራዳ አካባቢ፣ ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራ፣ የእንጨት ሰገነት ባለው አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር። ቀኑ ረቡዕ በመሆኑ የጾም ነበር የቀረበልን፤ ከደምቢያ ሽንብራ የተዘጋጀ ሽሮ በሸክላ እየተንተከተከ መጣ፣ አጠገቡ ስልጆ፣ አዚፋ፣ ጎመንና ተልባ፣ በመጨረሻም የዳጉሳ ጠላ። ከልጆቹ አንዷ ስልጆውን ስትቀምስ ሰናፍጩ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ አስለቀሳት፤ ሆኖም ጨምሩልኝ አለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ስማቸውን መጥቀስ አላስፈለገኝም፣ ደረጃውን እየወጡና እየወረዱ ሲያስተናግዱን ሳንቃው ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። እንግዶቹ ሲመለሱ ከግንቡ ይልቅ የዚያን ቤት ነገር አብዝተው ያወሩ እንደነበር የእኅቴ ልጅ ነግሮኛል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያ ቤት ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሯል። ተከራይዋ እንዲለቁ ተደርጎ ቤቱ ባዶውን አንድ ክረምት አሳለፈ፤ በክረምቱ መጨረሻ የኋላው ግድግዳ ተደረመሰ፤ አሁን ሊፈርስና በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ሊቆምበት ነው ይባላል። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወዳልሁት ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ፣ ቤቱ በቅርስነት ያልተመዘገበ ስለሆነ ምንም ማድረግ እንደማይቻል በትሕትና ተነገረኝ።

የመንደራችንን አሮጌ ቤቶች ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ምድጃ የሚነድበት ቤት ይኖራል፤ የተዘጋ ቤት ይወድቃል። ጭሱ ወጋግራውንና ማገሩን ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ባለ ምግብ ቤቷ ደግሞ ደንበኛ እንዳይሸሻት ስትል ቆርቆሮው ሲቀደድ ታስጠግናለች፣ አሸንዳው ሲደፈን ታስጠርጋለች። ቤቱ ባዶ ሲሆን ውኃው በጣሪያው ይገባል፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ታጥቦ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በየጥጉ ያሉት ቁርስ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶች፣ ጠጅ ቤቶችና የጠላ ቤቶች ደመወዝ የማይከፈላቸው የቅርስ ጠባቂዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

በፋሲል ግቢ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተካሄደው ጥገና የቀድሞዎቹ አናጺዎች ወደተጠቀሙበት ኖራ መመለሱ ብዙዎቻችንን አስደስቶናል። የአሮጌ ድንጋይ ግድግዳ እርጥበት በኖራ ልስን በኩል ይወጣል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ከግቢው ውጭ ያሉት የቤት ባለቤቶች ይህን ስለማያውቁ፣ ወይም እያወቁም ለወራት በውኃ ተነክሮ የሚከርም ኖራ የሚያገኙበት ቦታ ስለሌላቸው፣ ቤታቸውን ያደሱ እየመሰላቸው በሲሚንቶ ይመርጉታል። በግቢው ጥገና ላይ እጃቸው የሠለጠነ ግንበኞች በከተማው ውስጥ አሉ። እነዚህን ባለሙያዎችና የተዘጋጀ ኖራ ለአሮጌ ቤት ባለቤቶች በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ፣ በምላሹም ቤቱን ለምግብ ቤት ወይም ለመሰል አገልግሎት ያከራየ ሰው ከግብር የተወሰነ ቅናሽ እንዲያገኝ ማድረግ፣ ለከተማው አስተዳደር ከአንድ አስፋልት ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ከዚያው ጋር ከፊት በር ተነሥቶ በፒያሳ፣ ለራስ ሚካኤል ስሁል መኖሪያ እንደነበር በሚነገርለት በራስ ግንብ፣ በቅዳሜ ገበያና በአሮጌዎቹ መንደሮች የሚያልፍ የእግር መንገድ በምልክት ሰሌዳ ቢለይ፣ በሰሌዳው ላይም የሕንፃው ታሪክ ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ምን እንደሚበላ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ጉልበት ያለው ሰው ወደ ቁስቋም ኮረብታ ይቀጥል፤ የሌለው ባጃጅ ይያዝ።

ምግብ ቤቶቻችንም ቢሆኑ ነቀፋ የለባቸውም ልል አልችልም። ምግቡ ተወዳዳሪ በሌለው ቤት መጸዳጃው የሚያሳፍር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የዋጋ ዝርዝር ሳይለጥፉ ለአገሬው አንድ፣ ለፈረንጅ ሌላ ዋጋ የሚጠሩም አሉ፤ ከእነርሱ ቤት የወጣ እንግዳ ሌላውንም በአንድ ዓይን ያያል። በዚህ ላይ ጤና ተቆጣጣሪዎች ቢጠብቁ የምቃወም አይደለሁም፤ የምለምነው ቤቱን ከማሸግ በፊት ለማስተካከያ ጊዜ እንዲሰጡ ነው፤ የታሸገ አሮጌ ቤት መጨረሻው ምን እንደሆነ ከላይ ተናግሬአለሁና።

በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት የውጭ ጎብኚ በእጅጉ መመናመኑንም አልዘነጋሁም። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች በእነዚህ ዓመታት ሳይዘጉ የቆዩት በእኛው፣ በጉልት ሻጩ፣ በመምህሩና ጉዳይ ሊያስፈጽም ከገጠር በመጣው ሰው ኪስ ነው። የመንገዱና የኖራው ሥራ እንግዳ እስኪመለስ መጠበቅ የለበትም፤ እስከዚያ ድረስ ሦስትና አራት ክረምት ካለፈ የምናሳየው ቤት አይተርፍምና።

ጋዜጣችሁ ስለ ጎንደር ደግሞ ሲጽፍ ፎቶግራፍ አንሺውን ወደ ግቢው ብቻ እንዳይልክ አደራ እላለሁ። ከፊት በር ተቀብዬ አሁንም ምድጃቸው የሚነደውን አሮጌ ቤቶች አንድ በአንድ ላሳየው ዝግጁ ነኝ፤ ምሳውም በእኔ ይሁን። ከረቡዕና ከዓርብ በቀር በሌላ ቀን ከመጣ ደግሞ ዶሮ ወጥ የምታውቅ አንዲት ባለሙያ አለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ጎንደር