አባባ ፑሳን ያሉን ከተማ

አንተ ሰውዬ እንዴት ነህ? ሶስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትለኝ አውቀዋለሁ፣ ስድብህን ቴሌግራም ላይ ላከው፣ ይገባኛል። ያለሁት ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ነው፣ ለትምህርት መጥቼ፣ ያው አያትህ ፑሳን ይሉት የነበረው።

አባባ ኮሪያ ጦርነት የዘመተውን የቃኘው ሻለቃን ወሬ ሲያወሩልን፣ ያ ብርድ ምናምን፣ ከዛ "ጓደኛዬን እዛው ፑሳን አፈር አልብሼው" ሲሉ ድምፃቸው ይሰበር የለ? እሱን አስቤ ቅዳሜ አበባ ገዝቼ የተመድ መካነ መቃብር ሄድኩልህ። እ.ኤ.አ ጥር 1951 ጦርነቱ ገና እየነደደ የተከፈተ ነው፣ የዛኔ ወደ 11 ሺህ ሰው አርፎበት ነበር፣ ብዙዎቹን በኋላ ሀገራቸው ወሰዷቸውና አሁን ያሉት 2,300 አካባቢ ናቸው። እንግሊዝ ይበዛል፣ ቱርክም ከ460 በላይ። አንዱ አውስትራሊያዊ ገና 17 ዓመቱ ነው አስበው፣ መቃብሮቹ ጋ የምታልፈውን ጠባብ የውሃ መስመር በሱ ስም ሰይመውለታል፣ እዛ ጋ ብዙ ቆምኩ።

የኛ ባንዲራ ከሌሎቹ ጋር ይውለበለባል፣ መቃብር ግን አንድም የለም! ብዞር ብዞር። በመጨረሻ አንዷን ሰራተኛ ብጠይቃት የኢትዮጵያ ሁሉም ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል አለችኝ። አበባዬን ይዤ ተገተርኩ፣ ደስም አለኝ አፈርኩም፣ አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ስንት ዓመት በታክሲ አልፌው አንድ ቀን ሳልገባ እዚህ ድረስ መጥቼ መፈለጌ።

ለካ አባባ ተሳስተው አይደለም፣ እኛ ነን ወሬውን ሳይጨርሱ ኳስ ይዘን የምንወጣው፣ ግማሹን ብቻ ነው የሰማነው።

አበባውን ግድግዳው ስር አስቀመጥኩት። እ.ኤ.አ በ2006 የተሰራ የመታሰቢያ ግድግዳ ነው፣ ከ40 ሺህ በላይ ስም አለበት፣ የኛዎቹም ከ120 በላይ ናቸው ግን በላቲን ፊደል ስለተጻፈ አንዳንዱን ጮክ ብዬ ካላነበብኩት የማን ስም እንደሆነ አይገባኝም፣ አጠገቤ የነበሩት ኮሪያዊ ሽማግሌ እየጸለይኩ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እና እባክህ እናትህን ጠይቅልኝ፣ የዛን የአባባ ጓደኛ ስም ያስታውሱ እንደሆነ። የአባቱን ስም ካወቁ ደግሞ በጣም ጥሩ። እስከ ጥር እዚሁ ነኝ፣ ፈልጌ ፎቶውን እልክልሃለሁ።