አራት ቀጠሮ ያለፈው የኤሌክትሪክ መኪና፦ ለአስመጪ ድርጅት የተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ

ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በውል የገዛሁት የኤሌክትሪክ መኪና እስካሁን ስላልተረከብኩት የቀረበ ቅሬታና ማስጠንቀቂያ

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው የሽያጭ ውል መሠረት ድርጅታችሁ አንድ ባለ አምስት በር የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በ90 ቀናት ውስጥ ሊያስረክበኝ፣ እኔም ከጠቅላላው ዋጋ ከ2,400,000 ብር ላይ 60 በመቶውን፣ ማለትም 1,440,000 ብር፣ በቅድሚያ ልከፍል ተስማምተን ነበር። ገንዘቡን ውሉ በተፈረመ በማግስቱ በባንክ ገቢ አድርጌያለሁ፤ የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የማስረከቢያው ቀን ታኅሣሥ 27 ነበር። ከዚያ ወዲህ 171 ቀናት አልፈዋል፤ በመካከሉም የካቲት 30፣ ሚያዝያ 20 እና ሰኔ 10 እየተባለ ሦስት ጊዜ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ፣ ሦስቱም ቀኖች ያለ መኪና አልፈዋል።

መኪናውን የፈለግሁት ለመንሸራሸር እንዳልሆነ የሽያጭ ሠራተኞቻችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አነስተኛ ኬክ ቤት አለኝ፤ ከገቢያችን አብዛኛው የሚገኘውም ከሰርግ ኬክ ነው። ውሉን ከመፈረሜ በፊት ትልቁን የኬክ ካርቶናችንን ይዤ ወደ ማሳያ ክፍላችሁ መጥቼ፣ የኋላ ወንበሩ ተጣጥፎ ካርቶኑ ሳይጋደል መግባቱን በዐይኔ አይቻለሁ። ሌሎች ሞዴሎችን ትቼ ይህን የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ የተቆረጠውም የጥርን ሰርጎች ታሳቢ አድርጎ ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን ስልክ ደውዬ ስጠይቅ «መኪናው መርከብ ላይ ነው፤ ለገና ይደርሳል» የሚል መልስ ስለተሰጠኝ፣ ለዓመታት ያገለገለችኝን ዳማስ በዚያው ሳምንት ሸጬ ገንዘቡን ለቀሪው ክፍያ አስቀመጥኩት። ጥር ሙሉ ኬክ ያመላለስነው በኮንትራት ታክሲ ነው። ጥር 18 ቀን ባለ አራት ደረጃ የሰርግ ኬክ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ስለተበላሸ ለሙሽሮቹ ቤተሰብ 38,000 ብር መልሻለሁ፤ ገንዘቡን መመለሱ ግን በዚያ ቀን አዳራሹ በር ላይ ቆሜ የሙሽራዋን እናት ፊት ከማየት የቀለለ ነበር። ይህን የማነሣው ለታክሲው ሾፌር ጥፋት ተጠያቂ ላደርጋችሁ ፈልጌ ሳይሆን፣ አንድ የማስረከቢያ ቀን ለሰው ሲሰጥ ያ ሰው ሥራውን፣ ንብረቱንና ቃሉን በዚያ ቀን ላይ እንደሚያስር እንዲታወቅ ስለምፈልግ ነው።

ሁለተኛውን ቀጠሮ፣ የካቲት 30ን፣ ያለ ብዙ ክርክር ተቀብያለሁ። ዐቢይ ጾም በመግባቱ ሰርግ የለም፣ የጾም ኬክ ገበያም ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ መታገሥ አልከበደኝም። ሦስተኛው ቀጠሮ ግን ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ከመጀመሩ ጋር የገጠመ ስለነበር፣ ሠራተኞቻችሁ በእርግጠኝነት ስላረጋገጡልኝ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለሚደረጉ ዘጠኝ ሰርጎች ትእዛዝ ተቀበልኩ። ሚያዝያ 20 ደረሰ፤ መኪናው ግን አልመጣም። ከዘጠኙ ትእዛዞች አራቱን ለሌላ ኬክ ቤት አሳልፌ ለመስጠት ተገድጃለሁ።

ከመዘግየቱ በላይ ያሳዘነኝና ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስገደደኝ ግን የሰጣችሁኝ ምክንያቶች እርስ በርስ መጋጨታቸው ነው። ጥር 26 ቀን በድርጅቱ ማኅተም የደረሰኝ ደብዳቤ መኪናው «ጅቡቲ ወደብ ደርሶ የማጓጓዣ ተራ እየጠበቀ ነው» ይላል። መጋቢት ላይ በስልክ የተነገረኝ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ የጉምሩክ ማስታወቂያ ሰነድ (ዲክላራሲዮን) እየተሠራለት መሆኑን ነበር። ግንቦት 14 ቀን የደረሰኝ ሁለተኛው ደብዳቤ ደግሞ በቀይ ባሕር የጸጥታ ችግር ምክንያት መኪናው ከቻይና የመጫኛ ተራ እየተጠባበቀ መሆኑን ይገልጻል። በጥር ጅቡቲ የደረሰ መኪና በግንቦት ቻይና ሆኖ መርከብ ሊጠብቅ አይችልም። ከሁለቱ ደብዳቤዎች ቢያንስ አንዱ እውነት አይደለም፤ ሁለቱም ላይ ያረፈው ፊርማ ደግሞ የአንድ ሰው ነው። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ያለው መንገድ በባቡርም ሆነ በከባድ መኪና የወራት ጉዞ አለመሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

የቻሲ ቁጥሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ መኪና ላይ የሚታተመውን መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም የመርከብ ማጓጓዣ ሰነዱን ቅጂ እንድትሰጡኝ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ አንድም ጊዜ መልስ አላገኘሁም። አንድ መኪና በእርግጥ ተገዝቶልኝ ከሆነ የቻሲ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ካለ የት እንዳለ ለማወቅ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም። በሚያዝያ መጨረሻ ወደ ማሳያ ክፍላችሁ ስመጣ ከእኔው ጋር አንድ ሞዴልና አንድ ቀለም የሆኑ ሁለት መኪኖች ለሌሎች ደንበኞች ሲሰጡ አይቻለሁ። የእኔን ለሌላ ሰጣችሁ ብዬ በግምት መክሰስ አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ የቻሲ ቁጥር እስካልተነገረኝ ድረስ ይህ ጥርጣሬ ሊነሣልኝ እንደማይችል በቅንነት መናገር ይኖርብኛል።

የቀይ ባሕርን ምክንያት በተመለከተ፣ በመርከቦች ላይ ጥቃት መድረስ የጀመረው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ውላችን የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደውን ነገር በመሆኑ፣ 90 ቀናት የሚለውን ጊዜ በውሉ ላይ ስትጽፉ ዓለም ሁሉ ያውቀው የነበረውን ችግር ዛሬ እንደ ድንገተኛ አደጋ ልታቀርቡት አትችሉም።

ሰኔ 11 ቀን፣ ማለትም አራተኛው ቀጠሮ ባለፈ በማግስቱ፣ ሌላ ሞዴል እንድወስድ በስልክ የቀረበልኝን ሐሳብ አልተቀበልኩም፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ማስፈር እወዳለሁ። የተባለው መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛው ዝቅተኛ በመሆኑ የሰርግ ኬክ ካርቶን አያስገባም። ከዚህም ሌላ የቻርጅ መሰኪያው ሲሲኤስ ቱ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ እኔ በእናንተው ባለሙያ ምክር ገዝቼ ከኬክ ቤቱ ጓሮ ያስተከልኩት 7 ኪሎዋት ቻርጀር የቻይናው ጂቢቲ መሰኪያ ያለው በመሆኑ ሁለቱ አይገጣጠሙም። ይህ ቻርጀር ከታኅሣሥ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አሁን ክረምቱ በመግባቱ ዝናብ እንዳይገባበት በላስቲክ ሸፍነነዋል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ፊቱን የሚያዞረው በአብዛኛው እንደ እናንተ ወዳሉ አስመጪዎች ነው፤ ይህም ኃላፊነታችሁን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያቀለውም።

በጥር የተጻፈልኝ ደብዳቤ እውነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለኝ። የሊቲየም ባትሪ ለወራት ያለ እንክብካቤ፣ በተለይም ባዶ ሊሆን ተቃርቦ ወይም ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ሙቀት ላይ ከቆመ፣ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናው ሲቀርብ የባትሪው ጤንነት እኔ ባለሁበት በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ በርክክብ ሰነዱ ላይ እንዲሰፍርልኝ፣ የባትሪው ዋስትናም መኪናው ከተመረተበት ወይም ወደብ ከደረሰበት ቀን ሳይሆን እኔ ከተረከብኩበት ቀን እንዲቆጠርልኝ እጠይቃለሁ።

ከቅድመ ክፍያው ውስጥ 800,000 ብሩን ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሬ ያገኘሁት በመሆኑ ያላየሁትን መኪና ዕዳ በየወሩ እየከፈልኩ ነው። በውሉ አንቀጽ 7 መሠረት ገዢው ቀሪውን ክፍያ ካዘገየ በቀን 0.1 በመቶ ቅጣት ይከፍላል፤ ሻጩ ሲዘገይ ስለሚከፍለው ግን አንዲት ቃል አልተጻፈችም። ይህን ስፈርም ማስተዋል ነበረብኝ፤ ሆኖም ውሉ ዝም ባለበት ሕጉ ይናገራልና መብቴ ቀርቷል ማለት አይደለም።

ስለሆነም ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 እና 1774 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን፣ ደብዳቤው በደረሳችሁ በ5 ቀናት ውስጥ የመኪናዬን የቻሲ ቁጥር፣ የማጓጓዣ ሰነዱን ቅጂና አሁን ያለበትን ቦታ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ፣ በውሉ የተጠቀሰውን ሞዴልም እስከ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. እንድታስረክቡኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚቀርብልኝን መኪና አልቀበልም፤ ውሉ እንደፈረሰ ቆጥሬ 1,440,000 ብሩን ከሕጋዊው 9 በመቶ ዓመታዊ ወለድና ከደረሰብኝ ኪሣራ ጋር እንድትመልሱልኝ በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ። ቃል የተገባልኝን መኪና ከሙግት አስበልጬ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የቻሲ ቁጥር ያልተያያዘበት አምስተኛ ቀጠሮ አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር
ገዢ (ፊርማ)

አባሪ፦ የሽያጭ ውል፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የጥር 26 እና የግንቦት 14 ደብዳቤዎች፣ የቻርጀር መግዣ ደረሰኝ

ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ