መንገድ ዳር ጠረጴዛ የዘረጋው የፊዚክስ ሰው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ጫማዬን ሳስጠርግ፣ ሊስትሮው ልጅ እጅጌዬ ላይ የቀረ ጠመኔ አይቶ መምህር መሆኔን ነቃብኝ። ማታ ይማራል፤ 10ኛ ክፍል ነው። ብሩሹን ሳያቆም «ቲቸር፣ ኤሌክትሮንን ማንም በዓይኑ አላየውም አይደል? ታዲያ እንዳለ በምን አወቁ?» አለኝ። «መጽሐፍህ ላይ አለልህ» ብዬው ሄድኩ። ያፈርኩት ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ማታ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊዮን ሌደርማን ትዝ አለኝ። አባቱ ኒውዮርክ ውስጥ ላውንደሪ ነበረው። ልጁ ኖቤል ተሸለመ፤ ዕድሜው 80ን ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ኒውዮርክ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ የአላፊ አግዳሚውን የፊዚክስ ጥያቄ ሲመልስ ዋለ።

ለሊስትሮው ልጅ መንገር የነበረብኝ የእሱን ሥራ ነበር። በ1962 ከሽዋርትዝና ከስታይንበርገር ጋር ሆኖ ኒውትሪኖን ለመያዝ ተነሳ። ኒውትሪኖ ምድርን ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ከምንም ጋር እምብዛም የማይነካካ ቅንጣት ነው፤ ጉድ ነው። ስለዚህ ከተፈታታ የጦር መርከብ ባገኙት ብረት 13 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ግድግዳ ሠሩ። ሌላው ቅንጣት ሁሉ እዚያ ይቀራል፤ ኒውትሪኖ ያልፋል። ከግድግዳው ጀርባ የአሉሚኒየም ዝርጎች ተደርድረዋል። ከስንት አንዴ ኒውትሪኖ እዚያ ሲላተም ሙዮን የሚባል ቅንጣት ይወጣል። ሙዮኑ በሄደበት ሁሉ ብልጭታ ይተዋል፤ ካሜራ ያነሳዋል። ለወራት ለፍተው 34 የሙዮን መንገድ ቆጠሩ። 5ቱ ከሰማይ የመጡ ይሆናሉ ብለው ቀነሷቸው። ኒውትሪኖ አንድ ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሮንም የሙዮኑን ያህል በወጣ ነበር። አልወጣም። ሁለት ዓይነት ኒውትሪኖ እንዳለ በዚህ ታወቀ፤ የ1988ቱ ኖቤልም የመጣው በዚህ ነው።

እኔ ግን ይበልጥ የምወድለት ስህተቱን ነው። በ1976 ፌርሚላብ በሚባለው የአሜሪካ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ አዲስ ቅንጣት አገኘን ብለው ኡፕሲሎን የሚል ስም አወጡለት። መረጃው ሲበዛ ቅንጣቱ ጠፋ። ባልደረቦቹ «ኡፕስ ሊዮን» ብለው ቀለዱበት፤ «ውይ ሊዮን» እንደማለት ነው። በዓመቱ እውነተኛው ተገኘ፣ ስሙም ለእሱ ተሰጠ። ቦተም ኳርክ የሚባለው መሠረታዊ ቅንጣት የታወቀው በዚያ ነው። ጋዜጣችሁ ስለ ተመራማሪ ሲጽፍ ሽልማቱን ይቆጥራል፤ እንዲህ ያለውን ግን ይዘለዋል። ተማሪዎቼ ሳይንስ የማይሳሳቱ ሰዎች ሥራ ቢመስላቸው አይገርመኝም።

ፌርሚላብን ሲመራ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መጥተው ፊዚክስ እንዲማሩ አደረገ። የእኛ የሳይንስ ካምፓስ እዚሁ አራት ኪሎ ነው፤ ግን ሊስትሮው ልጅ በሩን አልፎ የሚጠይቀው ሰው የለውም። የእግረኛው መንገድ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሰፍቷል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር የሚጠበው አይመስለኝም። ፈቃዱ ከማን እንደሚጠየቅ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በዚሁ አምድ ይንገረኝ፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ እቀመጣለሁ።

ሰኞ ልጁን ፍለጋ ሄጄ ነበር። «ከሰዓት ነው የሚገባው» አለኝ ጓደኛው። ነገ ከሰዓት እሞክራለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ