ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሣ ኮሚሽን፦ ስለ ካርፓል ተነል ሕመምና ስለ ማስረጃው ሸክም

ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሣ ኮሚሽን
ሪችመንድ

ጉዳዩ፦ የካርፓል ተነል የካሣ ጥያቄዎች ውሳኔ በዘር፣ በቋንቋና በሥራ ዓይነት ተለይቶ ይፋ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራን ኮሚሽነሮች፣

በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎች በእጃቸው ሠርተው አዳሪ ናቸው። በሆቴል አልጋ ያነጥፋሉ፣ አረጋውያንን ያነሣሉ፣ ያስተኛሉ፣ ቢሮ ያጸዳሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እነዚህ ሰዎች እጃቸው ሲታመም የግዛታችን ሕግ ከባድ ማስረጃ ስለሚጠይቃቸው፣ ክብደቱም በሁሉም ሠራተኛ ላይ እኩል ስለማያርፍ ነው። በአማርኛ መጻፌም ነገሩ በቅድሚያ የሚመለከታቸው ወገኖቼ አንብበው እንዲረዱት ብዬ ነው።

ካርፓል ተነል ሲንድረም ሚዲያን የተባለው ነርቭ በእጅ አንጓ ላይ፣ በአጥንቶችና በአንድ ጠንካራ ጅማት መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሲጨመቅ የሚመጣ ሕመም ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ስለሚብስ ሕመምተኛው ከእንቅልፉ እየተነሣ እጁን ያራግፋል። ቶሎ ከተደረሰበት የአንጓ ድጋፍ ማሰር ወይም መርፌ ሊያስታግሰው ይችላል፤ ካልሆነ በአጭር ቀዶ ሕክምና ጅማቱ ተከፍቶ ነርቩ ይላቀቃል። ሲቆይ ግን በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ያ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሕመም መዘግየት ራሱ ጉዳት ነው።

በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁርና ሂስፓኒክ ታማሚዎች ለዚህ ሕመም ቀዶ ሕክምና የማግኘት ዕድላቸው ከነጮች ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። በሐኪም መዝገብ ላይ ነጮች በርከት ብለው የሚታዩባቸው ጥናቶችም አሉ፤ ነገር ግን መዝገብ የሚይዘው ሐኪም ፊት የደረሰውን ሰው ብቻ ነው። መርማሪዎች ራሳቸው ወደ ሥራው ቦታ ሲሄዱ ሌላ ሥዕል ይታያል። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት በደቡብ ካሮላይና አንድ የዶሮ ማቀነባበሪያ ከመረመራቸው ሠራተኞች 42 በመቶው፣ በ2015 ባወጣው ደግሞ በሜሪላንድ ከመረመራቸው 34 በመቶው የካርፓል ተነል ምልክት ነበረባቸው። የዶሮ ሥራ በእኛም ግዛት፣ በሮኪንግሃም ካውንቲ፣ የብዙ ስደተኛ እንጀራ ነው።

አሁን ወደ ሕጋችን ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ የሚደርስ ጉዳት ካሣ አያስገኝም ብሎ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ ለካርፓል ተነል በር ከፈተ፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ሕመሙ የሥራ በሽታ ሳይሆን ማንንም ሊይዝ የሚችል ተራ በሽታ ተደርጎ ስለተመደበ፣ ሠራተኛው ከሥራው የመጣ መሆኑንና ከሥራ ውጭ ባለ ምክንያት አለመምጣቱን «ሊሆን ይችላል» በሚያሰኝ ሳይሆን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማስረዳት አለበት። ይህ ማስረጃ የሚሠራው ደግሞ በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ነው።

የማውቃቸው አንዲት እናት በሆቴል አልጋ በማንጠፍ ዓመታት አሳልፈዋል። የከባዱን ፍራሽ ማዕዘን በአንድ እጅ ከፍ አድርገው ይዘው፣ በሌላው አንሶላውን ከሥሩ እየወተፉ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱ ይውላሉ። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ አስተርጓሚ ስላልተገኘ ያስተረጎመላቸው ገና ተማሪ የሆነው ልጃቸው ነበር። «እማዬ፣ ቤት ውስጥስ በእጅሽ ምን ትሠሪያለሽ ይልሻል» አላቸው። «ሊጥ አቦካለሁ፣ እንጀራ እጋግራለሁ በለው» አሉ። ስኳር እንዳለባቸውም ተናገሩ። ስለ ፍራሹ ክብደትና በአንድ ቀን ስለሚያነጥፉት አልጋ ብዛት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። በኋላ የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ሲመጣ የቤት ሥራቸውና የስኳር ሕመማቸው ከሥራ ውጭ ያሉ ምክንያቶች ሆነው ተዘርዝረው፣ ጥያቄያቸው ውድቅ ተደርጎ ነበር።

ክቡራን ኮሚሽነሮች፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እለምናለሁ። የስኳር በሽታ ነርቭን ለዚህ ሕመም እንደሚያጋልጥ አልክድም። በዚህ አገር ግን የስኳር በሽታ ጥቁሮችንና ሂስፓኒኮችን ከነጮች አብዝቶ እንደሚያጠቃ የታወቀ ነው። እንግዲህ አንዱ የጤና መበላለጥ ለሌላው መከልከያ ሆነ ማለት ነው፤ አስቀድሞ በበሽታ የተጎዳው ወገን በሥራው ላይ ሲጎዳ ያ የቀደመው በሽታ በማስረጃነት ይቀርብበታል። በሕጉ ውስጥ ዘርን የሚጠቅስ አንድ ቃል የለም፤ ውጤቱ ግን በዘር ሊለያይ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ይለያያል ወይስ አይለያይም የሚለውን ለመመለስ መቁጠር ያስፈልጋል። የፌዴራሉ መንግሥት አሠሪዎች እንዲሞሉት የሚያስገድደው የጉዳት መዝገብ የሠራተኛውን ዘር አይጠይቅም። ስለዚህ ኮሚሽኑ የሚቀርቡለትን የካርፓል ተነል ጥያቄዎች በዘር፣ በቋንቋና በሥራ ዓይነት ለይቶ፣ ስንቶቹ እንደተፈቀዱና ስንቶቹ እንደተከለከሉ በየዓመቱ እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ። ሠራተኛው መረጃውን የሚሰጠው በፈቃዱ፣ ስሙም ሳይወጣ ሊሆን ይችላል።

ጊዜን የሚመለከት አስቸኳይ ነገርም አለ። የሁለት ዓመቱ የማመልከቻ ገደብ መቆጠር የሚጀምረው ሕመሙ ከሥራ የመጣ መሆኑ ለሠራተኛው ከተነገረበት ቀን ነው። በማይገባው ቋንቋ የተነገረው ሰው ቀኑ መቆጠር መጀመሩን እንኳ አያውቅም። ይህን ገደብ፣ የሚፈለገውን ማስረጃና አሠሪው ቢያንስ የ3 ሐኪሞች ምርጫ ሊያቀርብለት የሚገባ መሆኑን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በክሊኒኮችና በሥራ ቦታዎች እንዲለጠፍ እለምናለሁ።

በ1997 የተጻፈውን አንቀጽ የመለወጥ ሥልጣን የምክር ቤቱ እንጂ የእናንተ አለመሆኑን አውቃለሁ። ቁጥሩ ሲሰበሰብ ግን ከራሳችሁ አስተያየት ጋር ለምክር ቤቱ እንድታቀርቡልን፣ ለዚህ ደብዳቤም መልሳችሁን በይፋ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ