አንድ ጀልባ በስንት እጅ? ስለ ጋራ ቁጥጥር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በኢንተርኔት በምናካሂደው የሸራ ጀልባ ውድድር ጨዋታ ላይ ከሰሞኑ አንድ ቅሬታ ደጋግሞ እየደረሰን ነው። «እኔ ብቻዬን ነው የምጫወተው። ከፊቴ ያለው ጀልባ ግን ሌሊቱን ሙሉ ትእዛዝ ሲቀበል ያድራል። ሰውዬው አይተኛም እንዴ?» የሚል። ይተኛል። እሱ ሲተኛ ግን ጓደኛው መሪውን ይረከበዋል።

እስካሁን ይህን የሚከለክል ደንብ የለንም። ስለዚህ ያደረጉትን ሰዎች ማንም ሌባ ሊላቸው አይገባም። ከሚቀጥለው የጅቡቲ–ሙምባይ ውድድር ጀምሮ ግን አሠራሩ ይለወጣል። አቋማችን ይኸው ነው፦ ጀልባ መጋራት ማጭበርበር አይደለም። ጀልባ የተጋሩ ሰዎች ብቻውን ከሚጫወት ሰው ጋር በአንድ የደረጃ ሰንጠረዥ መወዳደራቸው ግን ልክ አይደለም። ለምን እንዲህ እንዳልን ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ።

በሲሙሌሽኑ ውስጥ ያለውን ነፋስ እኛ አንፈጥረውም። ምንጩ የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት በነፃ የሚለቀው ጂኤፍኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ ትንበያ ነው። ትንበያው በቀን 4 ጊዜ ይሰላል። ስሌቱ እስኪያልቅ ሰዓታት ይወስዳል። በዚህ የተነሳ አዲሱ ነፋስ ለእናንተ የሚደርሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ምሽት 2 ሰዓት እና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ጣጣው ያለው በመጨረሻው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ተጫዋች ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሣ እንበል። ሌሊት 8 ሰዓት የገባውን ትንበያ የሚያየው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ጀልባው በሰዓት 10 የባሕር ማይል የሚሄድ ከሆነ፣ በአሮጌው ትንበያ 50 ማይል ተጉዟል ማለት ነው። 50 ማይል ተበለጠ ማለት አይደለም። ነፋሱ ብዙም ካልተለወጠ ምንም ላይጎድልበት ይችላል። ከተለወጠ ግን ያቺ ሌሊት ጉድ ትሠራዋለች።

መጪው ውድድር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጅቡቲ ሙምባይ ከ1,600 የባሕር ማይል በላይ ነው። አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን በአረብ ባሕር ላይ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው የሞንሱን ነፋስ ይበረታል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ መውጫ ላይ ባለችው በሶኮትራ ደሴት አካባቢ ከ30 ኖት (በሰዓት 30 የባሕር ማይል) በላይ መንፈሱ የተለመደ ነው። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ግን በዚያው ወቅት ብዙ ጊዜ ነፋሱ የላላና የሚዋዥቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ የተቀረው እየነዳ ይወስዳችኋል።

ቁርጡ የሚለየው መሐል ላይ ነው። በሶኮትራ ሰሜን ነው የሚታለፈው ወይስ በደቡብ? በሰሜን ከተኬደ ደሴቲቱ ነፋሱን ልትከልል ትችላለች። በደቡብ ከተኬደ ነፋስ አለ፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። ይህን የሚወስነው የመጨረሻው ትንበያ ነው። ያ ትንበያ ሌሊት 8 ሰዓት ከመጣ፣ አንዱ አይቶት መንገዱን ያስተካክላል፤ ሌላው ትራሱን አቅፎ በትናንቱ መንገድ ይሄዳል። በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለ ሌሊት 7 ጊዜ ይመጣል። በተለያየ ሀገር ሆነው ጀልባ ለተጋሩ ሦስት ሰዎች ግን አንዱም ሌሊት አይደለም። አዲስ አበባ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና የእራት ሰዓት ነው።

ብቻውን 10 ሺህ ሜትር የሚሮጥ አትሌትን ከዱላ ቅብብል ቡድን ጋር አሰልፎ በአንድ ሰዓት መለካት ነው የሚሆነው። ዱላ ቅብብል ምንም ነውር የለበትም፤ ራሱን የቻለ ውድድር ነው እንጂ።

«ታዲያ የሌሊት 8 ሰዓቱን ትንበያ ለምን አትተዉትም?» ያላችሁን አላችሁ። አስበንበታል፤ አይሆንም። ደንበኞቻችን አዲስ አበባ ብቻ አይደሉም። ለዋሽንግተን ሰዎች ክፉው ሰዓት ሌላ ነው። የእኛ የጠዋት 2 ሰዓት ትንበያ እነሱ ጋ ድቅድቅ ሌሊት ላይ ይገባል። አንዱን ብናነሣ የአንዱን ሌሊት አቅልለን የሌላውን እንዳለ መተው ይሆናል። አሁን ባለው አሠራር ግን የትም ሀገር ብትሆኑ በቀን ቢያንስ አንዱ ትንበያ እንቅልፍ ላይ ያገኛችኋል። ብቻቸውን በሚጫወቱ ሰዎች መካከል ይህ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ሚዛኑ የሚዛባው መሪው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው።

በእውነተኛው ባሕርም ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከፈረንሳይ ሌ ሳብል ዶሎን ተነሥቶ ዓለምን የሚዞረው ቫንዴ ግሎብ የአንድ ሰው ውድድር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጀልባ፣ ያለ ማረፊያ፣ ያለ እርዳታ። ከየብስ ሆኖ «በዚህ ሂድ» የሚል የአየር ሁኔታ አማካሪ እንኳን አይፈቀድም። ሌላው ዓለምን የሚዞር ውድድር፣ ዘ ኦሽን ሬስ፣ ግን በቡድን ነው፤ ሰዎቹ በፈረቃ ይተኛሉ። በሁለት ሰው የሚካሄዱም አሉ። ማንም አንዱን ከሌላው አያበላልጥም። በአንድ ሰንጠረዥ ግን ብዙ ጊዜ አይደባልቋቸውም።

የዓለም የጀልባ ውድድር ደንብ ቁጥር 41 ደግሞ የውጭ እርዳታን ይከለክላል። ለሁሉም በነፃ የሚገኝ መረጃን ግን ይፈቅዳል። እኛም ይህንኑ መንፈስ ወስደናል። ትንበያውን ከሌላ ድረ ገጽ ብታዩ፣ መንገድ አስሊ ሶፍትዌር ብትጠቀሙ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ለሁሉም የተለጠፈ ምክር ብታነቡ ችግር የለም። የምንለየው አንድ ነገር ነው፦ ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው?

እንግዲህ ደንቡ እንዲህ ነው። ሁለት ምድብ ይኖራል፤ ብቸኛ እና ቡድን። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይነሣሉ፤ በአንድ ካርታ ላይ ይታያሉ፤ ነፋሳቸውም አንድ ነው። የደረጃ ሰንጠረዡና ሽልማቱ ግን ለየብቻ ነው። በቡድን ምድብ አንድ ጀልባ እስከ 4 ሰው ሊኖረው ይችላል። ሁሉም በየራሳቸው አካውንት ይገባሉ። ፓስወርድ መዋዋስ የለም። ማን መቼ ምን እንዳዘዘ መዝገቡ ላይ ይቀመጣል፤ ውድድሩ ሲያልቅም ለሁሉም ይታያል።

በብቸኛ ምድብ ትእዛዝ የሚሰጠው የተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። አስቀድሞ ትእዛዝ ሞልቶ መተኛት ግን ተፈቅዷል። እንዲያውም ብትለምዱት ደስ ይለናል። ባሕር ላይ ብቻቸውን የሚሄዱትም ጀልባውን በራሱ ለሚመራው መሣሪያ (አውቶፓይለት) ሰጥተው ነው ሸለብ የሚያደርጋቸው። እዚህ ላይ አንዲት ምክር ጣል እናድርግ። ከመተኛታችሁ በፊት ጀልባውን በኮምፓስ (ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ) ነው ያሰራችሁት ወይስ በነፋስ አንግል (ከነፋሱ ጋር ያለው ማዕዘን እንዳይለወጥ)? በኮምፓስ ከሆነ ነፋሱ ሲዞር ጀልባው አይዞርም፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ከመጣበት ቆሞ ሊያድር ይችላል። በነፋስ አንግል ከሆነ ጀልባው አይቆምም፤ ነገር ግን ነፋሱን ተከትሎ ወዳላሰባችሁበት ሊሄድ ይችላል። መሬት አጠገብ ከሆናችሁ በኮምፓስ፣ ሰፊ ባሕር ላይ ከሆናችሁ በነፋስ አንግል እንላለን። ይህን ብቻ በደንብ የያዘ ሰው ከብዙ የሌሊት ጣጣ ይድናል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። መብራት ቢጠፋስ? ሰው ሆስፒታል ቢገባስ? መንገድ ላይ ኔትወርክ ቢያጣስ? ብዙዎቻችሁ «ለአንድ ሌሊት ብቻ ለወንድሜ ልስጠው» የሚል ፈቃድ ጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ጨክነናል። ፈቃዱን ከሰጠን የትኛው ችግር እውነተኛ እንደሆነ የምንዳኘው እኛ ልንሆን ነው። የሰው የሕክምና ወረቀት መመርመር አንፈልግም። ደግሞም እንዲህ ያለው ችግር ሁልጊዜ ሶኮትራ አጠገብ ሲደረስ ነው የሚበዛው! ስለዚህ ያለው አማራጭ ይህ ነው፦ ጀልባው በተሞላለት ትእዛዝ ይቀጥላል፤ ወይም ለእኛ አሳውቃችሁ ወደ ቡድን ምድብ ትዛወራላችሁ። ስትዛወሩ የደረሳችሁበት ቦታ አይነካም። ወደ ብቸኛ መመለስ ግን አይቻልም።

ጥፋቱ የእኛ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ሰርቨሩ ቆሞ ትእዛዛችሁን ካልተቀበለ የማካካሻ ጊዜ እንሰጣለን። ይህም በባሕር የሚታወቅ ነገር ነው። በ2020 በተጀመረው ቫንዴ ግሎብ ያኒክ ቤስታቨን ሦስተኛ ሆኖ ነው መስመሩን ያለፈው። ጀልባው የተሰበረበትን ኬቨን ኤስኮፊየን ፍለጋ ስለወጣ ግን 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ተካክሶለት አሸናፊ ሆነ። መጀመሪያ የገባው ሻርሊ ዳላን ሁለተኛ ተባለ። እንዲህ ያለ ውሳኔ በአደባባይና ከነምክንያቱ ሲሰጥ ሰው ይቀበለዋል። የእኛንም ማካካሻ ከነምክንያቱ እናወጣለን።

ከጋራ ቁጥጥር ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላም ነገር አለ። ብዙም አልተወራለትም። አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት ጀልባ ማሰለፉ ነው። አንዱን በሶኮትራ ሰሜን፣ ሌላውን በደቡብ ይልካል። የቀናው ጀልባ ውጤት ያመጣለታል፤ ያልቀናው ይረሳል። ብቸኛው ተጫዋች አንዱን መንገድ መርጦ ከእጣው ጋር ሲኖር፣ ይኸኛው ምርጫ የሚባለውን ነገር ጭራሽ አያውቀውም። ይህ በየትኛውም ምድብ ክልክል ነው። የቡድን አባልም በሁለት ጀልባ ላይ መመዝገብ አይችልም። ሁለተኛ ጀልባ ከተገኘ ሁለቱም ከውድድሩ ይወጣሉ። በብቸኛ ምድብ መሪውን ለሌላ የሰጠ ሰው ግን አይባረርም፤ ወደ ቡድን ምድብ ይዛወራል።

እንዴት ነው የምታውቁት ትሉ ይሆናል። ሁሉንም አናውቅም። ተጫዋቹ አጠገብ ቁጭ ብላ «ቀኝ በል» የምትለውን እህቱን የምናይበት መንገድ የለንም፤ ማየትም አንፈልግም። የምናየው ትእዛዝ የገባበትን አካውንት፣ መሣሪያና ሰዓት ነው። የኢንተርኔት አድራሻ አንድ ስለሆነ ብቻ ማንንም አንከስም። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ሁለት ጀልባ ሊኖራቸው ይችላል። በሞባይል ዳታ ደግሞ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ አድራሻ ሊወጡ ይችላሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ አንዴም ሳያርፍ ለቀናት ትእዛዝ የሚሰጥ ጀልባ ስናይ መጀመሪያ ባለቤቱን እንጠይቃለን። እንቅልፍ የማይወስደው ሰው መኖሩንም አንዘነጋም።

ሁሉም እንደማይደሰት እናውቃለን። በተለይ ለዓመታት ከጓደኞቻችሁ ጋር አንድ ጀልባ ስትነዱ የቆያችሁ «ከዋናው ሰንጠረዥ አወጣችሁን» ልትሉ ትችላላችሁ። ዋና የሚባል ሰንጠረዥ አይኖርም። በእኛ ግምት የቡድን ምድቡ እንዲያውም የከረረ ፉክክር የሚታይበት ነው የሚሆነው። አራት ሰው የሶኮትራን መንገድ በስልክ ሲከራከርበት ማደሩ ራሱ አንድ ጨዋታ ነው።

የወቅቱን ክፍያ የከፈላችሁ ተጨማሪ የምትከፍሉት የለም። አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ምድባችሁን ምረጡ። ያልመረጠ ሰው በብቸኛ ምድብ ይመዘገባል። የቡድን አባሎቻችሁን ስም መነሻው እስከሚተኮስበት ሰዓት ድረስ መቀየር ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን፣ ከብቸኛ ምድብ ከተዛወረ ጀልባ በቀር፣ መጨመር አይቻልም። በደንቡ ላይ ጥያቄ ያላችሁ በተለመደው የደንበኞች መስመር ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የውድድር ክፍል