ያደረገውን ራሱ ይናገር

ልጄ ዘሀራ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል።

ወንድምሽ ሁሉንም ነገረኝ። አማካሪሽ ጥናትሽን በራሱ ስም አሳትሞታል አሉ። ያንቺ ስም መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ደውሎ «ቅር ካለሽ ይቅርታ፣ ያለፈውን እንርሳው» ብሎሻል። አንቺም «ችግር የለም» ልትዪው አስበሻል። እንዳትዪው! ምን እንዳደረገ ራሱ በጽሑፍ ሳይሰጥሽ እሺ እንዳትዪ።

ያ ሥራ እንዴት እንደተሠራ እኔ አውቃለሁ። ቀን ከሐርቡ እስከ ደጋን በዚያ ፀሐይ ትዞሪያለሽ። ማታ ገበሬው ስለ ማሽላ ዘሩ የነገረሽን በባትሪ ብርሃን ትገለብጫለሽ። መጠይቆቹ ዛሬም ጓዳ ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት አሉ። ትናንት አውጥቼ አየኋቸው። መፈረም የማይችሉት አባቶች በአውራ ጣታቸው የነኩት ቀለም አልደበዘዘም። እሱ እዚህ አንድ ቀን አልመጣም።

አያትሽ ሰው ከሚያስታርቁት ሽማግሌዎች፣ ከአበጋሮቹ ጋር ይቀመጡ እንደነበር ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ የጎረቤቱን ወሰን የገፋ ሰው መጣ። «ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ» አለ። አያትሽ «ምን አጠፋህ?» አሉት። «እንግዲህ ሰው አይደለሁ፣ ሳላውቅ…» አለ። ዱዓ ሳይደረግለት መለሱት። ሰዉ ተቆጣ፤ ይቅርታ የጠየቀን ሰው እንዴት ትመልሳላችሁ ተባለ። አያትሽ አልሰሙም። ሰውየው ከርሞ ተመለሰ። ድንጋዩን በሌሊት መንቀሉን፣ ልጁን ማስከተሉን፣ ስንት ክንድ እንደገፋ ሳይቀር ተናገረ። ድንጋዩንም ራሱ ተሸክሞ ቦታው መለሰው። ያኔ ተመረቀ፣ ቡናም ተፈላ። የሁለቱ ልጆች ዛሬ ተጋብተው ወልደዋል። አያትሽ ቢኖሩ ያንቺን ጉዳይ ለእኔ አይተዉትም ነበር።

የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል ወይ ብለሽ አትገረሚ። ኮሪያዊው ፕሮፌሰር ሁዋንግ ዉ ሱክ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው የስቴም ሴል ጥናት የፈጠራ ውሸት ሆኖ ተገኘ። በ2006 ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው አፉ ግን አብረውኝ የሠሩት አታለሉኝ አለ። ሆላንዳዊው ዲዴሪክ ስታፕል ደግሞ ራሱ የፈጠረውን ቁጥር ለዶክትሬት ተማሪዎቹ ይሰጥ ነበር። በ2011 ያጋለጡት ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። እንዳንቺ ያሉ ልጆች!

ያንቺም ሰው ነገ «ረዳቴ ተሳስቶ ነው» ሊልሽ ይችላል። ያደረገውን ራሱ ሳይናገር እሺ እንዳትዪ።

እንደምትፈሪው ይገባኛል፤ መመረቂያሽ በእጁ ነው። ልጄ፣ ምረቃው ቢዘገይ ይዘግይ። ወይፈኑን እሸጠዋለሁ። ከአሁን በኋላ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል እንዳልሰማሽ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። የላክሽለትን ረቂቅ ሁሉ ከነቀኑ በፍላሽ ገልብጪና አንዱን ለወንድምሽ ስጪ። ኢሜይሎቹን አትሚያቸው። ቢሮው ብቻሽን አትግቢ። ስልክ ቢደውል «በጽሑፍ ይላኩልኝ» በዪው፣ በአክብሮት። ለትምህርት ክፍሉ አመልክቺ፣ ለመጽሔቱ አዘጋጅም ጻፊ። የሰው ስም የሚስተካከለው እዚያው የወጣበት ቦታ ላይ እርማት ሲወጣ ነው። በስልክ የተባለ ይቅርታ መጽሔቱን አያርመውም። ፌስቡክ ላይ ግን አንድ መስመር እንዳትጽፊ፤ ነገሩን ገልብጦ ስሜን አጠፋችው ይላል።

እየበላሽ ነው? ወንድምሽ ከስታለች አለኝ። እናትሽ በሶና ቅቤ አዘጋጅታልሻለች፤ ማክሰኞ በአውቶቡስ ይደርስሻል። መጠይቆቹን አልክም፤ እዚህ ይቆዩ። የትምህርት ክፍሉ ካላየን ካለ ከረጢቱን ይዤ ራሴ እመጣለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።

አባትሽ
ሐርቡ