የቅሬታ ደብዳቤ፦ ሊጡ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቄ ነበር

ለካፌው ባለቤት፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ስናደድ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል። ልጄ ተርጉማ ትልክላችኋለች።

ባለፈው ዓርብ ከፉትስክሬይ ተነስቼ እናቴንና ልጆቼን ይዤ እናንተ ጋ መጥቼ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች ጾመኛ ናት። ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትነካም። የአሳማ ነገር ደግሞ ጾም ኖረ አልኖረ ቤታችን አይገባም።

ወደ ካፌያችሁ የላከችኝ አብራኝ የምትሠራ ማልታዊት ናት። ወላጆቿ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመርከብ ሜልበርን ከገቡት ማልታዎች ናቸው፤ እሷም ስለ ፓስቲትሲ፣ በሊጥ ታጥፎ ስለሚጋገረው የማልታ ምግብ፣ አውርታ አትጠግብም። መሐሉ ላይ የታጠፈው ሪኮታ የሚባለው ለስላሳ አይብ፣ በጎን የታጠፈው አተር መሆኑን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በዚያው ደግሞ አስጠንቅቃኛለች፦ ሊጡን በአሳማ ሞራ የሚሠሩ አሉ፣ በማርጋሪን የሚሠሩም አሉ፣ ስለዚህ ሳትጠይቂ እንዳትበሉ።

ጠየቅኋ! አስተናጋጇን "የአተሩ ሊጥ ቅቤ ወይም የእንስሳ ስብ አለበት?" አልኳት። ወጥ ቤት ሳትሄድ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ "አተር ብቻ ነው፣ ቪጋን ነው" አለችኝ። ሊጡን ነው የምልሽ ብዬ ደገምኩላት። "አዎ አዎ፣ ችግር የለውም።" እናቴ "ጠይቀሻል አይደል?" አለችኝና አማትባ በላች። ወደደችውም። የምስር ሳምቡሳ ነገር ስለሚመስል ተጨማሪ አዘዝንላት።

ስንወጣ ለቤት ብዬ ያልተጋገረውን እሽግ ከፍሪጁ አነሳሁና ጀርባውን አነበብኩት። የእንስሳ ስብ ይላል። የምን እንስሳ እንደሆነ አይልም። ልጅቷን "እዚህ የምትጋግሩት ይኼንኑ ነው?" ስላት፣ ሰዓት እንደጠየቅኋት ሁሉ፣ "አዎ፣ ያው ነው" ብላኝ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች።

እናቴ ነፍስ አባቷ ጋ ደውላለች። ሳታውቂ የበላሽው ነው ብለው አረጋግተዋታል፣ እሷ ግን የአሳማ ይሁን የበሬ እያለች እስካሁን እንቅልፍ የላትም። ይኼ ደግሞ የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። በሜልበርን ምዕራብ ሙስሊሙ አለ፣ ሂንዱው አለ፣ ወተት ከቀመሰ ፊቱ የሚያብጥ ልጅ አለ። ሁሉም እንደ እኔ ይጠይቃል፣ የተባለውንም አምኖ ይበላል።

ወደ ፓስታው፣ ሪኮታ ወደተሞላው ራቭዩል ልምጣ። ሰሌዳችሁ "ዛሬ በእጃችን የተሠራ ራቭዩል፣ 26 ዶላር" ይላል። ፓስታ ለእኛ እንግዳ ምግብ አይደለም፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በእጅ የተሠራ ነገር መቼም አንዱ ወፈር አንዱ ቀጠን ይላል፤ የእናንተ ግን አንዱ ከሌላው አይለይም፣ ዳር ዳሩ ደርቆ መሐሉ ያለው ሪኮታ በረዶ ነበር። ሂሳብ የሚቀበለውን ሰውዬ ሳፋጥጠው "ራቭዩሉ ከውጭ ነው የሚመጣልን፣ እኛ የምንሠራው ረጅሙን ጠፍጣፋ ፓስታ፣ ታልያቴሌውን ነው" አለኝ። ታዲያ ሰሌዳው ላይ ምን አስጻፈው? የታሸገ ነው ብትሉኝ ለልጆች ይበቃል ብዬ አዝዘው ነበር፣ በ26 ዶላር ግን አይደለም። በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው ማካሮኒ፣ ቲምፓናው፣ ጥሩ ነበር፣ አልክድም፤ ልጆቹ የሊጡን ቅርፊት ተሻምተውበታል።

አሁን የምፈልገውን ልንገራችሁ። የራቭዩሉን ገንዘብ መልሱልኝ። ለፓስቲትሲው ገንዘብ አልጠይቅም፣ እሱ በገንዘብ የሚካስ አይደለም። የእሽጉን ጽሑፍ ሰው የሚያየው ቦታ፣ ባንኮኒው ላይ ለጥፉት። አስተናጋጆቻችሁ የማያውቁትን ሲጠየቁ "ቆይ፣ ወጥ ቤት ልጠይቅ" ማለትን ይልመዱ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሰሌዳውንም ዛሬውኑ አጥፉት። ከውጭ የመጣን በእጃችን የተሠራ ብሎ መሸጥ በአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ ሸማቹን ማሳሳት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁኝ ለሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ለኮንሲዩመር አፌርስ ቪክቶሪያ፣ አመለክታለሁ፤ ደረሰኙም የሰሌዳው ፎቶም እጄ ላይ ነው።

ስለ ስቡ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። አቅራቢያችሁን ጠይቁና የምን እንስሳ እንደሆነ ነገ ደውላችሁ ንገሩኝ።